በአበባው የቆረጥኩት በቆሎ

ነገሩ የገጠመኝ ሚሌኒየሙ በተከበረ በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ ነው። ያን ጊዜ ከማንኩሳ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወደ ታች በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። በዚያ አካባቢ ስሜ እስከ ዛሬ «በቆሎ ቆራጭዋ» ነው። ባገኙኝ ቁጥር «ዛሬ ቢሆን ታደርጊው ነበር?» የሚሉኝ ሰዎችም አላለቁም። ስለዚህ ልረሳው ብፈልግ እንኳ አያስረሱኝም። መልሴን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ።

ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። አባቴ ባለጋሪ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ያቺ ቀበሌ ደረሰችኝ፤ የተከራየሁትም አያ እንየው ከሚባሉ ገበሬ ግቢ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቤቱን የያዘችው የልጃቸው ሚስት ውዴ ናት። ባሏ ቡሬ እህል መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፤ ብቅ የሚለው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ውዴና እኔ እኩያ ነን። እሷ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም አጠገቤ ተቀምጣ «ይኼኛው ሰነፍ ነው፣ ጽሑፉ ራሱ ያዛጋል» እያለች ታስቀኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ጥቅምት ላይ፣ ውዴን ወባ ያዛት። በትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን የአምስት ወር ጽንሷ ወጣባት። ልብሷን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ለእኔም ሆነ ለሌላ ሰው አንድ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ከክረምት እረፍት ስመለስ ቀሚሷ ከፊት ከፍ ብሎ ጠበቀችኝ።

«ቁጠሪልኝ፤ አንቺ መቁጠር ሥራሽ ነው» አለችኝ።

ቆጠርኩላት። ጥር ላይ ትወልዳለች። «ጥር ሩቅ ነው» አለችና ወደ ማድቤት ገባች። እኔም በልቤ የያዝኩት ይህንኑ ነበር፤ እስከ ጥር ድረስ ወባ እንዳይይዛት።

አሁን ስለ አያ እንየው በቆሎ ልንገራችሁ። አያ እንየው ሞዴል አርሶ አደር ነበሩ። በዚያ ዘመን ገጠር የኖረ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቃል። ምርጥ ዘር ቀድመው የሚዘሩት፣ ማዳበሪያ ቀድመው የሚያነሱት፣ ስብሰባ ላይ «ተሞክሮዎን ያካፍሉን» የሚባሉት እሳቸው ናቸው። የጓሯቸው በቆሎ ደግሞ የቀበሌው ሠርቶ ማሳያ ነበር። ከቤቱ ግድግዳ ተነስቶ እስከ አጥሩ ድረስ በመስመር የተዘራ፣ አንድ አረም የማይገኝበት በቆሎ ነው። የልማት ሠራተኛው መግቢያው ላይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተክሎበታል። በዚያ ዓመት ከዞን እንግዶች ለመስክ ጉብኝት ሊመጡ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። አያ እንየው በየማለዳው በመስመሮቹ መካከል እየሄዱ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው አበባውን ይነኩታል፤ በቆሎው እሳቸውን በልጧቸዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግድግዳው ሥር ያለው ነበር። የሚበልጥበት ምክንያት አለው። እዚያ ውሃ አለ።

በእኛ አካባቢ ቤት የሚመረግበት ጭቃ ከሩቅ አይመጣም። እዚያው ቤቱ ጀርባ ይቆፈራል፣ ከጭድ ጋር ይረገጣል፣ ይመረጋል። ጉድጓዱ አይደፈንም፤ ለከርሞም ምርጊት ያስፈልጋልና። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል። ክረምቱ ይሞላዋል፣ ጥጃ ይጠጣበታል፣ ጭቃውም እየሰነበተ ለምርጊት ይለሰልሳል። የአያ እንየው ጉድጓድ በዚያ ዓመት ሰው እስከ ወገቡ የሚውጥ ሆኖ ነበር። ይህን ያህል የሰፋው ደግሞ ግንቦት ላይ ለእኔ አንዲት ክፍል ሲሠራ ነው። ደቦ ተጠራ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃ ረገጥኩ። «ኧረ የመንግሥት ደሞዝተኛ ጭቃ ውስጥ ገባች!» እያሉ ሲስቁብኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የክፍሌ ግድግዳ የተመረገው ከዚያ ጉድጓድ በወጣ አፈር ነው።

ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ እንዳይመስል ነው። ሌላም አለ። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ወባ ከረግረግ እንደሚመጣ አስተምሬያለሁ። መጽሐፉ ላይ የተሳለው ረግረግ ነው። ተማሪዎቼን አሰልፌ ወንዙ ዳር ወዳለው ረግረግ ወርደን ቦይ ቀደድን፤ እየዘመርን ተመለስን። በዚያው ዓመት በየቤቱ ጀርባ፣ ሰው ከሚተኛበት አምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጉድጓዶቹ ነበሩ። አንዳችንም ዞር ብለን አላየናቸውም።

እንዳየው ያደረገኝ በክረምቱ ፍኖተ ሰላም የወሰድነው ሥልጠና ነው። አንድ የጤና ባለሙያ የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲወድቅ የወባ ትንኝ እጭ ይመገበዋል፣ ስለዚህ በቆሎ ሥር ያለ ኩሬ ከሌላው የባሰ ነው አለን። ብዙዎቻችን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

መስከረም ላይ ተመልሼ ጉድጓዱን ባየሁት ጊዜ ሳቁ ጠፋብኝ። ውሃው ላይ ቢጫ ዱቄት ሰፍፎበታል። በዱቄቱ መካከል እጮቹ እንደ ትናንሽ ስንጥሮች ተጋድመዋል። ላስረዳ፤ የሌላው ትንኝ እጭ ጭንቅላቱን ቁልቁል አድርጎ ይንጠለጠላል፣ የወባ ትንኝ እጭ ግን ውሃው ላይ ይጋደማል። እነዚህ የተጋደሙ ነበሩ።

አስተማሪ ነኝና መጀመሪያ ማረጋገጥ ፈለግሁ። ሁለት የማርማላታ ብልቃጥ ወሰድኩ። በሁለቱም የዝናብ ውሃ ሞላሁ፣ በሁለቱም እኩል ቁጥር ያላቸው ደቃቃ እጮች ጨመርኩ፣ አፋቸውን በሻሽ አሰርኩ። በአንደኛው ላይ በየጠዋቱ አንድ ቁንጥር የበቆሎ አበባ ብናኝ እነሰንስበታለሁ። ሌላውን ምንም አላደርገውም። የክፍሉ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ተማሪዎቼ ገና ሳይሰለፉ ሮጠው ያዩዋቸው ጀመር። በሳምንቱ ልዩነቱ ለዓይን ይታይ ነበር። ብናኝ የሚበሉት ወፍረው ትንኝ ለመሆን ተቃርበዋል። ሌሎቹ እንደ ክር ቀጥነው ቀርተዋል፣ ግማሹም ሞቷል።

ብልቃጦቹን ይዤ አያ እንየው ፊት ቀረብኩ።

«አያ እንየው፣ እስቲ እነዚህን ይዩልኝ። ይኼኛው የበቆሎ አበባ የበላ ነው፤ ይኼኛው ያልበላ።»

ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። «እኒህ የሰቡት የእኔን በቆሎ የበሉት ናቸው?»

«አዎ፣ የእርስዎን ነው።»

«እሰይ! የእንየው በቆሎ ትንኝም ያሰባል በይኛ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «ይህን ለእንግዶቹ ሳላሳይ አልቀርም። አስቀምጪልኝ።»

እኔ አልሳቅሁም። «ውዴስ?» አልኳቸው።

ሳቃቸው በረደ። «ወባ የቆላ ናት። ከወንዙ ናት የምትመጣ። አባቴም ከዚሁ ጭቃ ረግጠው ቤት ሠርተዋል፤ ሰማንያ ዓመት ኖሩ። ደግሞስ ያንቺ ክፍል የተመረገ በማን ጭቃ ነው?»

ብልቃጦቼን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። የውዴ አጎበር ገለባ ይታሰርበት ነበር፤ አጥቤ፣ ቀዳዳውን ሰፍቼ አልጋዋ ላይ ሰቀልኩት። ግን አጎበር የሚጠብቀው የተኛን ሰው ነው። ውዴ ጀንበር ስትጠልቅ ከብት ታስገባለች፣ ከደጅ እሳት ታያይዛለች፣ እራት ታቀርባለች። ትንኟ የምትወጣው በዚያው ሰዓት ነው።

የመስቀል ማግስት ውዴ ተንቀጠቀጠች። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ማንኩሳ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ከጣቷ ደም ወስደው አዩ፤ ወባ ነበር። በጊዜ ደርሳለችና መድኃኒቱ ያዘላት። ጽንሱም አልተነካም። ነርሷ ግን ወደ ውጭ ጠርታኝ «አሁን ተርፏል። በዚህ ወር ውስጥ ደግማ ከታመመች ግን ቃል አልገባልሽም» አለችኝ። ያንኑ ቀን ማታ ውዴን ይዘናት ተመለስን። የተመለስነው እዚያው ጉድጓድ አጠገብ ወዳለው ቤት ነው።

አያ እንየውን ሁለተኛ ጊዜ ለመንኳቸው። ጉድጓዱን እኔ ራሴ እደፍነዋለሁ አልኳቸው።

«ድፈኚ፤ ማን ከለከለሽ? በቆሎዬን ሳትነኪ ድፈኚ» አሉኝ።

ይህ አይሆንም። ጉድጓዱን ዙሪያውን የከበበው በቆሎ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው የአፈር ቁልል ላይ እንኳ በቆሎ ተዘርቶበታል። ቁልሉን ወደ ጉድጓዱ መመለስ ማለት በላዩ ያለውን መንቀል ማለት ነው።

«እንግዶቹ መጥተው ይሂዱ። ከዚያ እንነጋገራለን» አሉ።

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ወደ ጥቅምት አጋማሽ ተዛውሯል።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ትፈልጋለች። ጉብኝቱ እስኪደርስ ጉድጓዱ ሁለት ጊዜ ይፈለፍላል። ነርሷ ያለችኝ ደግሞ በዚህ ወር ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አያ እንየው ለጉብኝቱ ዝግጅት ቀበሌ ተጠርተው ሄዱ። ውዴ ተኝታለች። ማጭዱን ከግድግዳው አወረድኩ።

የገበሬን እህል በአበባው መቁረጥ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሳላውቅ አላደረግሁትም። ጉድጓዱን የከበበውንና ቁልሉ ላይ ያለውን ብቻ ቆረጥኩ፤ ከዚያ አንድ አገዳ አላለፍኩም። ከብት እንዲበላው በነዶ በነዶ አሰርኩና ጥላ ሥር ደረደርኩ። እሸት ለመሆን የተቃረበውን ለብቻ ሰሌን ላይ አኖርኩ። ከዚያ አካፋ አንስቼ አፈሩን መመለስ ጀመርኩ። ገና ጥቂት እንደጣልኩ ጎረቤቶች ደረሱ።

«ኧረ ጉድ! የሰው እህል! በአበባው!» አንዲት ሴት ራሷን ይዛ ጮኸች።

«ቀለም ቆጥራ ቆጥራ በቆሎ ላይ ደረሰች!» አለ አንዱ።

ሁለት ጎልማሶች አካፋውን ከእጄ ነጠቁኝ። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ቀረ። በቆሎው ተቆርጧል፣ ውሃው ግን አለ፣ እጮቹም አሉ። ከሁሉ የባሰው ነገር ይህ ነበር።

አያ እንየው ሲመጡ ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ነዶው ላይ ተቀመጡና አንዱን አገዳ አንስተው አበባውን በጣታቸው አሻሹት።

«ልጅ እንደ መቅጠፍ ነው ይኼ» አሉኝ ዝግ ብለው።

«ልጅ እንዳይቀጠፍ ነው የቆረጥኩት፣ አያ እንየው» አልኳቸው።

ሰኞ ቀበሌው ጠራኝ። ሠርቶ ማሳያ ያፈረስኩ «ፀረ ልማት» ተባልኩ። የሊቀመንበሩ ድምፅ ከክፍሉ አልፎ ውጭ ይሰማ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው እንጀራው ላይ ምን እንደሚመጣበት ሁላችንም እናውቃለን። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶልኝ ነበር።

«የሚፈለግብሽ አንድ ቃል ነው» አለኝ። «‘አጥፍቻለሁ’ በይና ይለቅ። አለዚያ ወረዳ ይደርሳል፤ ከዚያ እኔም አላድንሽም።»

«በበቆሎው አዝኛለሁ። አጥፍቻለሁ ግን አልልም። ጉድጓዱ ይደፈን።»

«አንቺ ልጅ፣ ስለ ጉድጓድ ማን ጠየቀሽ?»

«እኮ! ማንም አልጠየቀም» አልኩት።

በሳምንቱ መጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡበት። በቤተ ክርስቲያኑ ድጓ የሚያስተምሩት መሪጌታ ባይህ ክፍሌ ድረስ መጡ። በር ላይ ቆመው ብልቃጦቼን አዩ።

«ልጄ፣ ድንጋይ ትሸከሚያለሽ?»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ሽማግሌዎች ድንጋዩን ያወርዱለታል። እስከዚያ ድረስ አይወርድም።

«እሸከማለሁ፣ መሪጌታ። ‘አጥፍቻለሁ’ ብዬ ግን አልናገርም።»

«እኔ ተሸከሚ ነው ያልኩሽ። ተናገሪ ያለሽ ማን ነው?» አሉኝና ሄዱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአያ እንየው ግቢ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከቤቱ ጀርባ፣ የተቆረጠው ቦታ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አያ እንየው በአነስተኛ በርጩማ ላይ ጀርባቸውን ለጉድጓዱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። ከተማሪዎቼም ያልመጣ የለም።

ድንጋዩን የመረጠችልኝ ውዴ ናት። ከትኩሳቱ ገና አልጠናችም። በእግሯ ገፋ አድርጋ «ይኼን አንሺ፤ ትንሹ አይረባም» አለችኝ። ከባድ ነበር። በሁለት እጄ አንስቼ አንገቴ ላይ አደረግሁት።

አያ እንየው ፊት ደርሼ ጎንበስ አልኩ። መሪጌታ «እነሆ ልጅዎ ቆማለች፣ አያ እንየው» አሉ።

አያ እንየው ዝም አሉ። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ ተበዳይ ቶሎ አይምርም። ሽማግሌዎቹ ለመኗቸው። ዝም። ሁለተኛ ለመኗቸው። አያ እንየው መሬት መሬቱን እያዩ «አጥፍቻለሁ ትበለኛ» አሉ።

ሁሉም እኔን አየ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ጎንበስ እንዳልኩ በአያ እንየው ትከሻ በኩል የሚታየኝ ጉድጓዱ ነበር። ፀሐይ ውሃው ላይ ታንፀባርቃለች። ከዚያ ወዲያ ማድቤቱ በር ላይ ውዴ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። አስቀድሜ ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ ሰው አያምነኝም እንጂ እውነቱ ይህ ነው። ቀና አልኩ። አያ እንየውን አልፌ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ድንጋዩን ከነክብደቱ ጉድጓዱ ውስጥ ወረወርኩት።

ጭቃው ወደ ሰማይ ተረጨ። የአያ እንየው ጀርባ፣ የሽማግሌዎቹ ጋቢ፣ የመሪጌታ ጢም ሳይቀር ቡናማ ሆነ። እኔ አለቀልኝ ብዬ ቆምኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት መሪጌታ ናቸው። ጢማቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «በሽምግልና ዘመኔ ድንጋይ ሲወርድ ብዙ አይቻለሁ፤ ሲሰጥም ያየሁት ገና ዛሬ ነው» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ጸጥ አሉ።

ውዴ እየመጣች ነበርና። ከቁልሉ ሥር ጎንበስ ብላ በቀሚሷ ጫፍ አፈር አፈሰች። ቀስ ብላ መጥታ ጉድጓዱ ውስጥ አራገፈችው። ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች።

«አባባ፣ ይህ ሁለተኛዬ ነው። ያን ጊዜ ዝም አልኩ።»

ሌላ አልጨመረችም። ደግሞ ልታፍስ ተመለሰች።

አያ እንየው በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ አዩዋት። ሦስተኛ ጊዜ ስታፍስ ብድግ አሉ። ቀሚሷን ከእጇ አስለቀቁና ወደ ጥላው መለሷት። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? አካፋ አምጡ እንጂ!» ብለው ጮኹ። በእኔ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አንቺን ይቅር አላልኩሽም።»

«እኔም አጥፍቻለሁ አላልኩም፣ አያ እንየው።»

«በይ እንግዲያ ያዢ» ብለው ባለፈው ከእጄ የተነጠቀውን አካፋ ሰጡኝ።

ግንቦት ላይ ጉድጓዱን የቆፈረው ደቦ ራሱ ያን ቀን ደፈነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው ገቡበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታው ተደልድሎ ተረገጠ።

እንግዶቹ በጥቅምት አጋማሽ መጡ። አያ እንየው በቆሎውን አሳዩ፤ ቀጥለው የተደፈነው ቦታ ላይ ቆመው በእግራቸው መታ መታ አደረጉት። «በቆሎን ከቤት ራቅ አድርጎ መዝራት፣ የጭቃ ጉድጓድን መድፈን፤ ይህ እንግዲህ እኔ በሞዴልነቴ የጀመርኩት አሠራር ነው» ሲሉ እንግዶቹ በማስታወሻቸው ጻፉ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት ግን እኔ ነኝ። በቀጣዩ ሳምንት ሌላም ሰው የራሱን ጉድጓድ ሲደፍን አየሁ፤ አያ እንየው አድርገውታልና። ፀረ ልማት የሚለው ስምም ማንም ሳያነሳው ቀረ።

ውዴ ጥር ላይ ወለደች። ሴት ናት።

የሳይንስ አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ልጅቱ የተረፈችው ጉድጓዱ ስለተደፈነ ነው ብዬ መማል አልችልም። አጎበሩም አለ፣ መድኃኒቱም አለ። ወባም ከቀበሌው አልጠፋም፤ ብዙ ጉድጓድ ነበር። ግን ይህን ለማረጋገጥ ጉድጓዱን ክፍት ትቼ በውዴ ሆድ ልሞክር አልችልም ነበር። ሙከራ በብልቃጥ ነው።

ዛሬ የማስተምረው ቡሬ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ተማሪዎቼን ይዤ የምዞረው ወደ ረግረግ አይደለም፤ በየቤቱ ጀርባ ነው። አንዳንድ ሰው ያባርረናል። በማግስቱ ተመልሰን እንሄዳለን። ‘ዛሬ ቢሆን ታደርጊው ነበር?’ ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ አደርገው ነበር፣ አካፋውን ግን አላስነጥቅም ነበር። በበቆሎው ዛሬም አዝናለሁ። አያ እንየው አበባውን በጣታቸው ያሻሹበት አኳኋን አሁንም ትዝ ይለኛል። ጥፋት ነው ግን አልልም።

ውዴ በየዓመቱ እሸት ሲደርስ ልጇን አስከትላ ቡሬ ገበያ ትመጣለች። በዘንቢል አረንጓዴ በቆሎ አምጥታ ደጄ ላይ ታስቀምጣለች። የሚልኩት አያ እንየው ናቸው፤ ረጃጅሙን መርጠው ነው። መልእክቱም ከበቆሎው ጋር በየዓመቱ ያው ነው።

«‘ዘንድሮም ይቅር አላልኳትም በያት’ ብለዋል» ትለኛለች ውዴ፣ ሳቋን እያፈነች።

እኔም እሸቱን እየፈለፈልኩ «ዘንድሮም ‘አጥፍቻለሁ’ አላለችም በያቸው» እላታለሁ።